ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ ትራንሲቨር፦ ካፓሲተሩን በሙሉ ልቀይር ወይስ ብልሽቱን ልፈልግ?

ጀማሪው_ከአሌክሳንድሪያ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። አምና መጀመሪያ ቴክኒሺያን የሚባለውን፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጄኔራል የሚባለውን የአማተር ራዲዮ ፈተና አልፌ ፈቃዴን ይዣለሁ፤ ሁለቱም ከ35 ጥያቄዎች ቢያንስ 26ቱን በትክክል መመለስ ይጠይቃሉ። የሞርስ ኮድ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2007 ባይነሣ ኖሮ ግን ዛሬም ደጅ ስጠና እንደምገኝ አልጠራጠርም።

አዲስ ትራንሲቨር (መቀበያና ማሰራጫ በአንድ ላይ የያዘ ራዲዮ) ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ፣ በአካባቢያችን የራዲዮ ወዳጆች አሮጌ ዕቃቸውን በሚሸጡበት የቅዳሜ ገበያ አንድ ኬንዉድ ቲኤስ-520ኤስ በ150 ዶላር ገዛሁ። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ፣ መቀበያው በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራና በማሰራጫው በኩል ብቻ ሦስት ቲዩቦች (ከትራንዚስተር በፊት የነበሩ የመስታወት ማጉያዎች) ያሉት ነው፤ አንዱ 12ቢዋይ7ኤ የሚባለው ገፊ ሲሆን ሁለቱ የመጨረሻውን ኃይል የሚሰጡ ናቸው። ዕድሜው ሲታሰብ ውጭው ያስገርማል፤ የፊት ገጹ ላይ አንድም ጭረት የለም።

የሚያሳስበኝ ውስጡ ነው። በመጀመሪያ፣ ከስፒከሩ ወፍጮ ቤት በሩቁ ሲሰማ የሚመስል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይወጣል። ሁለተኛ፣ በ7 ሜጋኸርዝ 90 ዋት ያህል የሚያወጣው ራዲዮ በ14 ሜጋኸርዝ ከ45 ዋት ማለፍ ያቅተዋል። አንቴናዬ ከቤቱ ጣሪያ እስከ ጓሮው የኦክ ዛፍ የተዘረጋ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነና መሀሉ ላይ ከ30 ሜትር አርጂ-58 ኬብል ጋር የተያያዘ ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንድ ሽቦ) ነው። በ14 ሜጋኸርዝ የኤስደብሊውአር መለኪያው (አንቴናው ከኬብሉ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚናገረው፤ 1 ከሆነ ፍጹም ነው) 5 ያሳየኛል፤ ነገር ግን ባለ ቲዩብ ራዲዮ ፕሌት እና ሎድ በሚባሉት መቆጣጠሪያዎቹ ከማንኛውም አንቴና ጋር ይስማማል ሲባል ስለሰማሁ ብዙም አልተጨነቅሁበትም። ከዚህ ሌላ፣ ራዲዮውን እንደከፈትኩ ፍሪክዌንሲው ይንሸራተታል፤ የማዳምጠው ሰው ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄድና መቃኛውን ደጋግሜ ለመንካት እገደዳለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁሉንም ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ዕድሜ ሲገፋ የሚደክሙትን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች) እና ሁለቱን የኃይል ቲዩቦች ሳልቀይር ራዲዮውን ዳግመኛ እንዳልከፍተው ያስጠነቅቀኛል። ለዚሁ ሞዴል ተለይቶ የተዘጋጀ የካፓሲተር ስብስብም በኢንተርኔት ይሸጣል። መበየድ እችላለሁ፤ ሆኖም ከአንድ ትንሽ ኪት በቀር የሠራሁት ነገር የለም። በተጨማሪም ኤፍቲ8 በሚባለው የዲጂታል ዘዴ ለመገናኘት ስለፈለግሁ ራዲዮውን ከኮምፒውተሬ ጋር በድምፅ ገመድ አገናኝቼዋለሁ። ልምዱ ያላችሁ ከየት እንድጀምር ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ_ቴስተር፦

ልጄ፣ ለፈቃዱም ለራዲዮውም እንኳን ደስ አለህ። እዚህ ዴንቨር ኤሌክትሮኒክስ እየጠገንኩ 30 ዓመት ያህል እንጀራዬን በልቻለሁ፤ ለሚማር ሰው ከዚህ ራዲዮ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ካቻቢቴ ይገባል፣ ጣት ይደርሳል፣ ዲያግራሙም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይነበባል።

ወደ ጥያቄህ ከመሄዴ በፊት ስለ ሕይወትህ ልንገርህ። የኃይል ቲዩቦቹ የሚሠሩበት ቮልቴጅ 800 ገደማ ነው። መሰኪያውን ከግድግዳው ስለነቀልክ ብቻ ይህ ቮልቴጅ አይጠፋም፤ ካፓሲተሮቹ ይዘው ያቆዩታል፤ ቀስ እያሉ እንዲያወርዱት የተቀመጡት ሬዚስተሮችም ዕድሜያቸው ከአንተ ሊበልጥ ይችላልና አትመናቸው። ነቅለህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ላይ የበየድከውን 10 ኪሎኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር በካፓሲተሩ ጫፍና በሻሲው (በራዲዮው የብረት አካል) መካከል ለጥቂት ሰከንድ ያዝለት፤ በመጨረሻም ዜሮ መሆኑን በቴስተር ለክተህ በዓይንህ እይ። ቴስተርህ ራሱ 1000 ቮልት የሚችል መሆን አለበት። መክደኛው ተነሥቶ እየሠራ የምትለካ ከሆነ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፍ ጅረት መንገዱ በልብ በኩል ነው።

ካፓሲተሩን በሙሉ ቀይር የሚለውን ምክር ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን የገዛ ጥፋቴ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የራሴ በሆነ ሌላ ራዲዮ ላይ ቅዳሜ ማታ ጀምሬ እስከ እሑድ ጧት 40 ያህል ካፓሲተር ቀየርኩ። ለካ አንዱን ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፉን) ገልብጬ ኖሯል፤ ራዲዮውን በከፈትኩ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ እንደ ፈንዲሻ ጧ አለና ቤቱን በጭስ ሞላው። እሱን ተክቼ ስከፍተው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ብየዳዬ በደንብ አልያዘም ነበር። ለሦስት ሳምንት የፈለግሁት የራዲዮውን ብልሽት ሳይሆን እኔ የጨመርኩበትን ነው፤ የቀድሞው ብልሽት ምን እንደነበረም እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ስለዚህ አንድ ነገር ለካ፣ አንድ ነገር ቀይር፣ መልሰህ ለካ፣ ደብተር ላይ ጻፍ።

ጉርምርምታው ከየት እንደመጣ ራሱ ይነግርሃል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ሬክቲፋየር ሁለቱንም የሞገድ ግማሾች ስለሚጠቀም ማጣሪያ ካፓሲተር ሲደክም የሚሰማው ጉርምርምታ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 120 ኸርዝ ይሆናል። 60 ኸርዝ ብቻውን ጎልቶ ከተሰማ ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ በገመድ የገባ ነው። የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጭነህ ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጠው። በመቀጠል የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው፤ ጉርምርምታው አብሮ ከቀነሰ ምንጩ ከመቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ካልቀነሰ የድምፅ ማጉያውን ወይም ኃይል አቅራቢውን ጠርጥር። ያን የኮምፒውተር ገመድም ነቅለህ አዳምጥ፤ በጣም የምጠረጥረው እሱን ነው።

ፍሪክዌንሲው መንሸራተቱ ብልሽት አይመስለኝም። የዚያን ዘመን ራዲዮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞቅ አይረጋም፤ ክፈተውና ቡና እስኪፈላ ተወው።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ፦

ጋሽ በተናገሩት ላይ ከአዲስ አበባ ትንሽ ልጨምር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እዚህ የደከመ ማጣሪያ የሚያጉረመርመው በ100 ኸርዝ ነው፤ መለያው ግን ያው ነው። የአማተር ራዲዮን ነገር ያወቅሁት ተማሪ ሳለሁ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ በሚለው የጥሪ ምልክት ከሚሠራው የማኅበራችን ጣቢያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቤቴ የገባ አሮጌ ዕቃ ሁሉ በአምፖል ሳይፈተሽ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነው። የድሮውን ዓይነት ክር ያለው ባለ 100 ዋት አምፖል በማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ከሶኬቱ ጋር በተከታታይ ታገናኘዋለህ፤ የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ቲኤስ-520ኤስ የቲዩቦቹን ማሞቂያ ለብቻው የሚዘጋ ማብሪያ ፊቱ ላይ ስላለው፣ እሱን ዘግተህ በመቀበያነት ብቻ ስትከፍተው አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው መፍዘዝ አለበት። በሙሉ ብርሃኑ ከቀጠለ አንድ ቦታ ሾርት አለና ወዲያው ንቀለው። ቫልቮላ ግን ብልሽት መኖሩን የሚነግርህ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ኃይሉ አነሰ ያልከውን በተመለከተ፣ በአንቴና ላይ የተለካ ዋት ስለ ራዲዮው ጤንነት ብዙ አይነግርህም። መጀመሪያ 50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴናው ቦታ ተገጥሞ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሬዚስተር) ያስፈልግሃል። እኔ የምጠቀምበትን ራሴ ነው የሠራሁት፤ ባለ 1 ኪሎኦም፣ ባለ 5 ዋት ሜታል ኦክሳይድ ሬዚስተሮች 20 ገዝቼ በሁለት የመዳብ ሳህኖች መካከል በትይዩ በየድኳቸው። 1000 ለ20 ሲካፈል 50 ኦም ይሆናል፤ ሃያ ጊዜ 5 ዋት ደግሞ 100 ዋት ነው። ሽቦ የተጠመጠመባቸውን ሬዚስተሮች እንዳትገዛ ተጠንቀቅ፤ እነሱ በዚህ ፍሪክዌንሲ እንደ ኮይል ይሠራሉና መለኪያህን ያሳስቱታል። በአየር ላይ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አታስበልጥ። በንጹሕ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የማዕድን ዘይት ሞልተህ ከነከርከው ግን በርከት ያለ ጊዜ ይሰጥሃል።

ቲዩቦቹን ደካማ መሆናቸው ሳይረጋገጥ አትጣላቸው። እዚህ እንደነሱ ያለ ቲዩብ በቀላሉ ስለማይገኝ አንዷን ቲዩብ እንደ እንቁላል ነው የምንይዛት። ራዲዮውን አንድ ቀን ወደ አገር ቤት ልታመጣው ካሰብክ ደግሞ ስለ ፈቃዱ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ትራንስፎርመሩ ከ120 ወደ 220 ቮልት እንዴት እንደሚዞርና ማራገቢያው በስንት ቮልት እንደሚሠራም ከመመሪያው ሳታረጋግጥ እንዳትሰካው።

የፍራንክፈርቷ፦

ወንድሜ፣ የ14 ሜጋኸርዙ ነገር ራዲዮው ውስጥ አይደለም ያለው፤ ደሚ ሎድ ሳትሠራም በወረቀት ላይ ይታያል። በ7 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ የሆነው 20 ሜትር ሽቦ በ14 ሜጋኸርዝ ሙሉ ሞገድ ይሆናል። ግማሽ ሞገድ ሲሆን መሀሉ ላይ ጅረቱ ከፍተኛ ስለሆነ ኢምፒዳንሱ (ለጅረቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ለ50 ኦም ኬብል የሚስማማ ነው፤ ሙሉ ሞገድ ሲሆን ግን በዚያው ነጥብ ጅረቱ እጅግ አንሶ ቮልቴጁ ስለሚያይል ኢምፒዳንሱ በሺህ ኦም ይቆጠራል። መለኪያህ 5 ማለቱም ያታልላል። 30 ሜትር አርጂ-58 በዚህ ፍሪክዌንሲ ኃይል እያባከነ ነው፤ ወደ አንቴናው የሄደውም፣ ተንጸባርቆ የተመለሰውም በመንገድ ላይ ስለሚቀንስ፣ ከራዲዮው ዘንድ ሆነህ 5 ያየኸው ጣሪያው ላይ ብትለካው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፕሌት እና ሎድ የሚባሉት መቆጣጠሪያዎች ከ50 ኦም ትንሽ የራቀን አንቴና ያስታርቁ እንደሆን እንጂ እንዲህ ያለውን አይችሉም። በግድ እየጠመዘዝክ ስትቆይ በቲዩቦቹ ውስጥ ያለው ፕሌት የሚባለው ብረት ግሎ ሊቀላ ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በዚያው መሀል ነጥብ ላይ ለ14 ሜጋኸርዝ የሚሆኑ ሁለት ተጨማሪ ክንዶች አያይዝ። የዳይፖልን ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ለማግኘት 143ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል በቂ ነው፤ ለ14.15 ስታካፍለው 10.1 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ከ5 ሴንቲ ማለት ነው። በየክንዱ 20 ሴንቲ ጨምረህ ቁረጥና እየለካህ አሳጥር፤ ሽቦ መቁረጥ ቀላል ነው፤ መቀጠል ግን ያሰለቻል። የአዲሶቹን ጫፎች ከአሮጌዎቹ በተቻለ መጠን አራርቃቸው። በነገራችን ላይ የ7 ሜጋኸርዙ ሽቦ በ21 ሜጋኸርዝ ያለ ተጨማሪ ክንድ ይሠራል፤ ሦስት ግማሽ ሞገዶች ሲሆን መሀሉ ላይ ጅረቱ እንደገና ከፍ ይላልና።

ጋሽ፣ ካፓሲተሮች በጅምላ መቀየር የለባቸውም በማለትዎ እስማማለሁ፤ አንዷን ግን ሳልለካም እቀይራታለሁ። ከ12ቢዋይ7ኤው ፕሌት ወደ ሁለቱ የኃይል ቲዩቦች ግሪድ (መቆጣጠሪያ ጫፍ) ሲግናሉን የምታሻግረው ትንሿ ካፓሲተር ነች። በአንድ ወገኗ ከፍተኛ ቮልቴጅ አለ፤ በሌላው ወገን ጅረት ከልክ በላይ እንዳይስቡ ቲዩቦቹን የሚይዘው፣ ቢያስ የሚባለው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አለ። በጥቂቱ እንኳ ብታፈስስ ቢያሱ ይሸረሸርና ቲዩቦቹ ሳይታዘዙ መሳብ ይጀምራሉ። የሴንቲሞች ዋጋ ያላትን ካፓሲተር ለማትረፍ ተብሎ ሁለት ቲዩቦችን አደጋ ላይ መጣል ቁጠባ ሊባል አይችልም። የምትተካዋ ቢያንስ 1000 ቮልት የምትችል ትሁን።

ኤፍቲ8 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ዘዴ ስለሆነ ይህን ራዲዮ የሠሩት መሐንዲሶች አላሰቡትም። በንግግር ጊዜ በቃላት መካከል ማሰራጫው ያርፋል፤ በኤፍቲ8 ግን የማሰራጨት ተራው በደረሰ ቁጥር ከ15 ሰከንዱ 12.6 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይል ያለማቋረጥ ይሠራል። አስላው፤ 160 ዋት ገብቶ 100 ዋት ቢወጣ 60 ዋት ሙቀት ይቀራል፤ ለየቲዩቡ 30 ዋት ይደርሰዋል። 6146ቢ የተባለው የኃይል ቲዩብ ያለ ዕረፍት ሊሸከም የሚገባው 27 ዋት ነው። ስለዚህ ድራይቩን (ወደ ኃይል ቲዩቦቹ የሚገባውን ሲግናል) ቀንሰህ 30 ወይም 40 ዋት ላይ ሥራ፤ ለኤፍቲ8 ይህም ብዙ ነው። ኮምፒውተሩንና ራዲዮውን በቀጥታ በሽቦ አታገናኛቸው፤ በመካከላቸው 600 ለ600 ኦም የሆነ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር፣ አንድ ለመስማት አንድ ለማሰራጨት፣ አስገባ። ግራውንዳቸው ሲለያይ ጋሽ የጠረጠሩት 60 ኸርዝም አብሮ ይሄዳል።

ጀማሪው_ከአሌክሳንድሪያ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ከፈጀ ሥራ በኋላ ደብተሬ ላይ ያለውን ላካፍላችሁ።

በአምፖሉ ስፈትሸው ቦግ ብሎ ፈዘዘ፤ ሾርት የለም። በስልኬ ስለካው በ60 ኸርዝ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመ መስመር፣ በ120 ደግሞ ከሱ በጣም ያነሰ ሌላ መስመር አየሁ። የኮምፒውተሩን ገመድ ስነቅለው የ60ው መስመር ወዲያውኑ ጠፋ፤ ወፍጮ ቤቱን ያመጣሁት ራሴ ኖሬያለሁ። የቀረችው የ120 ኸርዝ ጉርምርምታ የድምፅ መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ሳለም ስለምትሰማ፣ የድምፅ ማጉያውን የሚመግበውን የዝቅተኛ ቮልቴጅ ማጣሪያ ካፓሲተር አውጥቼ ለካሁት። የተጻፈበትን ግማሽ እንኳ አልያዘም ነበር። እሱን ብቻ ቀየርኩ፤ ፖላሪቲውን ሦስት ጊዜ አይቼ መሆኑን ጋሽ ይወቁልኝ። አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ ምንም አይሰማኝም።

ደሚ ሎዱን በሃያ ሬዚስተሮች ሠርቼ ስለካ በ7 ሜጋኸርዝ 100 ዋት፣ በ14 ሜጋኸርዝ 95 ዋት አገኘሁ። ለሁለት ቲዩቦች ላወጣው የነበረውን ገንዘብ ኪሴ አስቀርታችሁልኛል። አዲሶቹን የአንቴና ክንዶች ትናንት ሰቅዬ ሦስት ጊዜ ከቆረጥኩ በኋላ ኤስደብሊውአሩ 14.15 ላይ 1.4 ደረሰ። መንሸራተቱም ራዲዮው ለ30 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ የለም ማለት ይቻላል።

የእህታችንን ምክር ተቀብዬ ትንሿን ካፓሲተር ቀይሬያታለሁ። አሮጌዋን አውጥቼ ስለካት ታፈስስ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አላገኘሁባትም፤ ቢሆንም አልቆጨኝም። ከቀየርኳት በኋላ ያለ ድምፅ ማሰራጫውን ስከፍት በአይፒ መለኪያው ላይ የማየው ጅረት 45 ሚሊአምፔር ነው። መመሪያው ደግሞ 60 ይላል። ቢያሱን አሁን ላስተካክል ወይስ ልተወው?

ጋሽ_ቴስተር፦

አስተካክለው፤ ግን ራዲዮው ቢያንስ 15 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ደሚ ሎዱን ግጠም፣ የማይኩን ጌይን ዜሮ አድርግ፣ በኤስኤስቢ (በንግግር ዘዴው) ላይ ሁነህ ማሰራጫውን ክፈትና መርፌው 60 ላይ እስኪያርፍ የቢያሱን መቆጣጠሪያ በጣም ቀስ እያልክ አዙር። መርፌው አንተ ሳትነካው ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ወዲያውኑ ዝጋ፤ ያኔ የሚጠረጠሩት ቲዩቦቹ ናቸው። ካረፈ ካረፈበት ተወው።

እህታችን ስለ ትንሿ ካፓሲተር የተናገረችው ትክክል ነው፤ በኔ ደብተር ላይም ገብቷል።

መክደኛውን ስትገጥም የጎደለ ብሎን ካለ ከአካባቢህ ሱቅ ያገኘኸውን የኢንች ብሎን አትጫንበት። የጃፓን ሥራ ስለሆነ ብሎኖቹ በሚሊሜትር ናቸው፤ በግድ ካስገባኸው የሻሲውን ጥርስ ይበላዋል።